የመድን ድርጅትዎን ላለማስቸገር

የቆሻሻ ማመላለሻ መኪና ገዝተው ወደ ሥራው ሊገቡ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት። አዲስ አበባ ሌላው ቢያጥራት ቆሻሻ አጥሯት አያውቅምና ደንበኛ አይጠፋም። የቀረዎት ኢንሹራንስ መግባት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚፈጽሙት ነውር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ተከባብረው ከኖሩት ድርጅት ዘንድ አንድ ቀን ይሄዱና «ካሳ ክፈሉኝ» ይላሉ። ይሉኝታ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው። ምክሬን ከሰሙ ድርጅቱ አምስት ሳንቲም ሳይከፍልዎት በፍቅር ትኖራላችሁ።

ሦስተኛ ወገን ይግቡ፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል፣ ያለ እሱ መንገድ መውጣት የለም። ተለጣፊዋን መስታወቱ ላይ ለጥፈው እዚያው ያብቁ። ይህች ሽፋን የእርስዎን መኪና አትጠግንም። ለተጎጂ የምትከፍለውም ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ለእርስዎ ትቶልዎታል። በዚህ ቁጥር መሠረት ባለቤቱ ምንም ጥፋት ባይኖርበት፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት «ገንዳው ጋ ትንሽ ላስጠጋት» ሲልዎት ቁልፉን አይከልክሉት። ልጁ መልመድ አለበት።

ወዳጅ ዘመድ «ሙሉ ኢንሹራንስ ይግቡ» እያለ ካስጨነቀዎት እሺ ይበሉና የመኪናውን ዋጋ ከሐምሌ 2016 በፊት፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሳይለቀቅ በነበረው ሒሳብ ያስመዝግቡ። አረቦኑ ይቀንስልዎታል። ዛሬ 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ3 ሚሊዮን ተመዝግቧል እንበል፤ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ ግማሹን ብቻ ያስባል፣ ከዚያም ላይ የእርስዎ ድርሻ ይቀነሳል። ቅጹ «የሚጭኑት ምንድን ነው?» ሲልዎት «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብለው ይሙሉ። ውሸት አይደለም፤ ከቆሻሻ የበለጠ ልዩ ልዩ ነገር የት ይገኛል? (የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሆን ብሎ አደጋውን የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ሕግ ቀልድ አያውቅም።)

ዋናው ጉዳይ ግን ጭነቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሸከሙት ራስዎ ያልቋጠሩትን ፌስታል ነው። አንዲት እመቤት በረካውን አጠጥተው ሲያበቁ ምድጃው ላይ የቀረውን፣ የበረደ መስሏቸው፣ ማዳበሪያ ውስጥ ይገለብጡታል። አመዱ ሥር ረመጥ አለ። ኮምፓክተሩ ይህን ከካርቶን፣ ከዘይት ጄሪካንና ካበጠ የስልክ ባትሪ ጋር ይጨምቀዋል። መኪናው ጦር ኃይሎችን አልፎ ወደ ረጲ ሲያቀና ሹፌሩ በጎን መስታወት ነጭ ጭስ ያያል። የሠለጠነ ሹፌር ቢሆን ሰውና ቤት የራቀበት ቦታ ፈልጎ ጭነቱን ይዘረግፍና 939 ይደውላል። የእርስዎ ሹፌር ነፋሱ እንዲያጠፋለት ፍጥነት ይጨምር። ነፋስ ረመጥን ምን እንደሚያደርገው ማርገብገቢያ ይዛ ከሰል ያቀጣጠለች ሁሉ ታውቃለች። የእሳት ማጥፊያውን ደግሞ ከወንበሩ ሥር፣ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው በታች ይቅበሩት።

ከኋላ በሩ ስለሚንጠባጠበው ጥቁር ውሃም አይጨነቁ። ውሎቹ ባብዛኛው ብክለትን አይሸፍኑም፤ ሲሸፍኑም ድንገት የፈሰሰውን እንጂ ወራት ሙሉ ሲንጠባጠብ የኖረውን አይደለም። የበሩን ጎሚኒ አይቀይሩት፤ በዝግታ ይውረድ።

ከኋላ ተንጠልጥለው የሚሄዱትን ልጆች ስም የትም አይጻፉ። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ አረቦን የሚሰላው በደመወዝ ስለሆነ ስድስቱን ሠራተኞች ሁለት፣ ደመወዛቸውን ግማሽ ያድርጉት። የክሊኒክ መርፌ ቢወጋቸው ወይም መጭመቂያው እጅ ቢይዝ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል፤ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ለተሳነው ሠራተኛ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ይህንንም ከኪስዎ ከፍለው ድርጅቱን ያሳርፉታል። ጓንት እንዳይገዙ፤ ውድ ነው።

አደጋ ከደረሰ ይረጋጉ። የንግድ ሕጉ አደጋውን ባወቁ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ድርጅቱ ያሳውቁ ይላል፤ እርስዎ ግን ቅድሚያ ለሰው ይስጡ። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሣ አይጠብቁ፣ መንገድ ይዘጋል። ሽማግሌ ይላኩ። ከተገጨው ታክሲ ባለቤት ቤት ተቀምጠው፣ ቡናው እየተጠጣ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ኢንሹራንሳችን ይከፍላል» ይበሉና ይፈርሙ። ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋት ማመንና ካሳ ቃል መግባት በውሉ የተከለከለ ነው፤ ግን የውሉን ጀርባ ማን ያነባል? ዕርቁ ካለቀ በኋላ፣ በስምንተኛው ቀን ገደማ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይዘው ወደ ድርጅቱ ይሂዱ። ወንበር ይሰጡዎታል፣ በአክብሮት ያዳምጡዎታል። ሲወጡም የሚቀጥለው ዓመት አረቦን መቼ እንደሚከፈል ያስታውሱዎታል።