ጋቢ እና ጋቢና፦ በመንገድ መሻገር ላይ የተደረገ ጥናት

ለዚህ ጥናት የተመረጠችው ከተማ ደብረ ብርሃን ናት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስለተቀመጠች መንገዱ መሃል ለመሃል ይሰነጥቃታል፤ እህሉ ወዲህ ከሆነ ወፍጮው ወዲያ ነው። ሁለተኛ፣ አጥኚው እዚያው ስለሚኖር የውሎ አበል የሚጠየቅ አካል አላስፈለገም።

ከሁሉ አስቀድሞ የመሣሪያውን ታሪክ ማንሳት የምሁራን ወግ ነው። አስፋልት ላይ በነጭ ቀለም የሚሰመረው ዜብራ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር ነው። እንስሳዋ ግን የኛም ናት። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አንዲት የሜዳ አህያ ከአቢሲኒያ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለጁል ግሬቪ ተሰጥታ ነበር፤ ዝርያዋ እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ይጠራል። ውጭ አገር ስትሄድ የፕሬዚዳንት ስም የወጣላት እንስሳ፣ በቀለም መልክ ወደ አገሯ ስትመለስ ሲኖትራክ ይሄድባታል። ያገሬ ሰው መሻገሪያውን "የሜዳ አህያ" ብሎት አያውቅም። አህያ ከተባለማ የሚያከብረው ሾፌር ጨርሶ ይጠፋል ብሎ ሰግቶ ይሆናል። ስጋቱ ግን መሠረት የለውም። በጥናቱ ወቅት ያለ አንዳች ክርክር ሲሻገሩ የታዩት ጭነት የያዙ አህዮች ብቻ ናቸው። አህያ ግራ ቀኝ አያይም፣ አይሮጥም፣ አያመሰግንም፤ ሁሉም ይቆምለታል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ዜብራ ላይ ቅድሚያውን ለእግረኛ ሰጥቶታል። ችግሩ ደንቡ ዜብራው ዳር ቆሞ አለመታየቱ ነው። በደንቡ ፋንታ የሚታየው እጅ ነው።

ተሻጋሪዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ ሯጭ፣ ተጠባባቂና እጅ አንሺ። ሯጩ ስለሮጠ ለጥናት አልተመቸም። ተጠባባቂው ይህ ጽሑፍ ሲጀመር ዜብራው ዳር ቆሞ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። ስለዚህ ወደ እጅ አንሺው እናልፋለን።

የእጅ አነሳስ ብዙ ዓይነት አለው። መዳፍን ገትሮ እንደ ግድግዳ የሚያቆመው የትእዛዝ እጅ የጡረታ ወታደሮችና የትምህርት ቤት ዘበኞች ነው፤ ይሠራል። ጣቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ከደረቱ የማያርቀው የልመና እጅ ነው፤ አልፎ አልፎ ይሠራል። የሰላምታ እጅ የሚባለው ግን በትንሽ ከተማ እጅግ አደገኛ ነው። እግረኛው "ቁምልኝ" ብሎ እጁን ያነሳል፤ ባለ ባጃጁ የሰፈሩ ልጅ ነውና ሰላም የተባለ መስሎት አጸፋውን በሙሉ ትህትና ይመልሳል፤ "ማሚ ደህና ናቸው?" ብሎም ይጠይቃል፤ ያልፋል። ከዘራ የያዘ ሰው እጁ በአንድ ሜትር ስለሚረዝም ሌላ ምዕራፍ ይገባዋል፤ አንጽፈውም።

ምክንያቱም የዚህ ጥናት ዋና ግኝት የጋቢ እጅ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳር ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቶ ይታያል። በዚህ ሰዓት አንድን እጅ ከጋቢ አውጥቶ ለማያውቁት ሾፌር ማሳየት ትልቅ ወጪ ነው። ስለሆነም ያገሬ ሰው እጁን የሚያነሳው ከጋቢው ውስጥ ነው። ከውጭ የሚታየው ደረት አካባቢ ቀስ ብሎ የሚነሳ ጉብታ ብቻ ነው። ጉብታው እጅ ይሁን፣ ለቤት የተገዛ ዳቦ ይሁን፣ ከጣርማ በር በኩል ጭጋግ ሰንጥቆ የመጣ ሾፌር በምን ይለየው?

የጋቢ እጅ ራሱ እንደ ብርዱ መጠን በሦስት ደረጃ ይከፈላል። ቀለል ባለ ብርድ ሙሉ ክንድ ይነሳል። ጠንከር ሲል ክርን ብቻ ወደ ጎን ገፋ ይደረጋል። ውርጩ ሲበረታ እግረኛው ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ በአገጩ ይሻገራል፤ ማለትም አገጩን ወደ ማዶ ቀና ያደርግና "ወዲያ ልሄድ ነው" ይላል። ከአገጭ በታች ሌላ ደረጃ ይኑር አይኑር ለማጣራት ጥር ላይ ዜብራው ዳር ለመቆም ታቅዶ ነበር። አጥኚው ጉንፋን ስለያዘው ቀረ።

ለናሙና ከቅዳሴ መልስ የተገኙ አንድ አባት ተመርጠዋል። አገሪቱ በቀኝ በኩል መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው መሻገር የተማሩት ከዚያ በፊት ስለሆነ ዛሬም መጀመሪያ የሚያዩት መኪና ወደማይመጣበት ጎን ነው። አይተው ሲጨርሱ ጉብታውን አነሱ። አንድ ቅጥቅጥ መብራቱን ብልጭ አደረገ። መብራት ብልጭ ማድረግ በአገራችን ሁለት ትርጉም አለው፤ "እለፍ" እና "እንዳታልፍ"። እሳቸው የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሾፌሩ ሁለተኛውን። ፍሬኑ እስከ ገበያው ተሰማ።

"አባባ፣ ምናለ እጅዎን ቢያወጡ?" አልኳቸው ማዶ ስንደርስ።

"እሱ ጋቢና ውስጥ ነው፣ መስታወቱን ዘግቷል" አሉኝ። "እኔ ጋቢ ውስጥ ነኝ። እሱ መስኮቱን ይክፈትና እኔም እጄን አወጣለሁ።"

በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ ባጃጅና ስለ ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ አጭር ማስታወሻ፦ ባጃጅ ጉብታውን አይወጣውም፤ በዳሩ ባለችው ክፍተት ይሾልካል። ክፍተቷ ላይ የቆመው እግረኛ ነው። ታክሲ ለምን ዜብራ ላይ እንደሚቆም የተጠየቀ ረዳትም "ሰው ያለው እዚያ ነዋ!" ብሏል። እውነቱን ነው።

ስለ ምርቃት ግን ዝም ማለት አልችልም። ሾፌር ከቆመላቸው መንገዱ መሃል ቀጥ ብለው የሚመርቁ እናት አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፣ በወጣህበት ይቅናህ፣ የእናትህን ዓይን ያብራልህ…" ከኋላ ክላክሱ ይቀልጣል። እሳቸው አይቸኩሉም፤ የተጀመረ ምርቃት አይቋረጥም። ሾፌሩም ማርሽ አያስገባም፤ "አሜን" እያለ ይጠብቃል። የትራፊክ ደንቡ ይህን በየትኛው ምድብ እንደሚያስገባው ለመመርመር አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ምደባውንም ተውኩት። ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ዜብራው ላይ እግሬን እንዳስገባሁ አንድ አይሱዙ ከጉልበቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን አወረደ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እጅህ የታለ?" አለኝ።

እጄማ ተነስቶ ነበር። ጋቢዬ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ፣ የጥናቱን እስክሪብቶ እንደያዘ።

ስለዚህ ዳገቱን ጨርሳችሁ ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን ለምትገቡ ሾፌሮች አንድ ነገር ልለምን። ዜብራው ዳር ከቆመ ጋቢ ውስጥ ጉብ ያለ ነገር ካያችሁ ዳቦ አይደለም፤ ፍሬን ያዙ።