በርቷል ወይስ ጠፍቷል?

ሣጥኑ ምን በደለ? ትንሽ፣ አራት ማዕዘን፣ ጸጥ ያለ ሣጥን ነበረ። የተስማማ ውስጡ ራይት ያደርጋል፤ ያልተስማማ ባዶውን ይተወዋል። መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ ሣጥን የተነሣ የተካሰሰ ሰው አላየሁም። አለቃውም ተላላኪውም እኩል ያነበው ነበር። ራይት ካለ አለ፤ ከሌለ የለም።

አሁን ፎርሙ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባና ሣጥኑ ተሻረ። በቦታው ጫፍና ጫፏ የተድበለበለ ሞላላ ነገር አስቀመጡ፤ ውስጧ ነጭ ክብ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ቶግል ይሏታል። ከጎኗ «ማሳወቂያ» ተብሎ ተጽፏል። እሺ፣ ማሳወቂያው ምን ሆነ? በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ግራጫ ናት። ግራጫ የሆነችው ስለጠፋች ነው ወይስ መነካት ስለተከለከለች? ክቡ ወደ ቀኝ ከሄደ በርቷል ማለት ነው አሉኝ። ይህንን በስንት መከራ ከያዝኩ በኋላ፣ ዱባይ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጣችና ስልኳን አሳየችኝ። አረብኛ ላይ አድርጋዋለች። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ የእሷ ክብ በርቷል የሚባለው ወደ ግራ ሲሄድ ነው! ከዚያ ወዲህ አቅጣጫ የሚባል ነገር አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር፤ ተንሸራታቿ ላይ ኦን፣ ኦፍ የሚል ጽሑፍ ነበረባት። በ2013 አይኦኤስ 7 ሲመጣ ግን ማጌጥ አማራቸውና ጽሑፉን አንሥተው ቀለሙን ብቻ ተዉልን። እንደኔ ላለው ሰው ምልክት የሚመልስ ነገር ሴቲንግ ውስጥ አስቀምጠዋል። ምን መሰላችሁ? እሱም ራሱ ቶግል ነው! አብርቼው የማገኘውም አንዲት ጭረትና አንዲት ክብ ነው።

የልጅ ልጄ ድረ ገጽ በመሥራት ይተዳደራል። ስነዘንዘው፣ «አባባ፣ ሣጥኑ እኮ አልጠፋም፤ እዚያው አለ» ብሎ ኮዱን ከፍቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው። ከሥር ያለው ያው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ውስጥ የነበረው ቼክ ቦክስ ነው። ኦፓሲቲውን ዜሮ አድርገው ከዓይን ይሰውሩታል። ሌብል ያለብሱታል፣ እዚያው ውስጥ ባዶ ስፓን ያስገባሉ፣ በሲኤስኤስ ጥጎቹን ያድቦለቡላሉ፣ ክቡን ይሥሉበታል። ሌብሉን ስነካ የተደበቀው ሣጥን ራይት ይደረግበታል፤ ይህን ጊዜ ቀለሙ ይለወጥና ክቡ ትራንስፎርም በሚሉት ትእዛዝ ወደዚያኛው ጫፍ ይገፋል። አያችሁልኝ? ሽማግሌውን ጓዳ ደብቀው ሥራውን ሁሉ እሱን ያሠሩታል፤ ምስጋናው ግን በር ላይ ለቆመው ጎረምሳ!

አንዳንዱ ደግሞ ኦፓሲቲ አይበቃው ብሎ ዲስፕሌይ ነን የሚል ትእዛዝ ይጽፍበታል። ያን ጊዜ ሣጥኑ ከኪቦርድም ይሰወራል፤ ታብ እየተጫኑ ቢፈልጉት አይገኝም። ዓይነ ሥውሩ የሚያዳምጠው ስክሪን ሪደርም ዘሎት ያልፋል። ስክሪን ሪደሩ ስዊች መሆኗን እንዲናገር ሮል የሚባል ነገር አለላቸው፤ አንዲት መስመር አይሞላም። እሷን ለመጻፍ ጊዜ የላቸውም፤ ለክቡ ጥላ ሲያበጁለት ግን ይመሻል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ማብሪያ ሲጫኑት አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ ቶግልም የተኮረጀችው ከዚያ ስለሆነ፣ ሲነኳት ወዲያው መሥራት አለባት። «አስገባ» እስኪባል የሚቆይ ነገር ከሆነ የሚገባው ቼክ ቦክስ ነው፤ ይኼን የልጅ ልጄም አይክድም። ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት የቀጠሮ ፎርሙን በቶግል አጥለቅልቆ፣ «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ከታች፣ አውራ ጣት እስኪዝል ድረስ ከታች ቀበረው። «ቀጠሮ ይያዝልኝ» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ እያየሁት በቀኑ ብሄድ፣ «አባቴ፣ እርስዎ አልተመዘገቡም» ተባልኩ። አረንጓዴ ነበር ብል ማን ይሰማኛል!

«ማስታወቂያ አይላክልኝ» የሚል ቶግልም አጋጥሞኛል። ይህን ማጥፋት ምን ማለት ነው? አለመላክን ማጥፋት መላክ ነው? የባሰባቸው ደግሞ ራሳቸው አብርተው ይጠብቁኛል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ፕላኔት 49 በተባለው ድርጅት ጉዳይ፣ ቀድሞ ተሞልቶ የቀረበ ራይት እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ብሎ ወስኗል። እግዜር ይስጣቸው፤ ምን ያደርጋል፣ እነሱ የተቀመጡት ሉክሰምበርግ፣ እኔ ጉለሌ።

ቶግል የምትሠሩ ልጆቼ፣ አስጊጧት፣ አልከለክልም። ግን ግራጫዋን ከነጩ ለዩልኝ፤ የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ቢያንስ 3 ለ 1 ንፅፅር ይላል፤ እናንተ 5 ብታደርጉት አልቀየምም። ከጎኗ «በርቷል»፣ «ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፉ። «አስገባ» ያለበት ፎርም ላይ ግን ቶግሏን ተዉአትና ያንን ሽማግሌ ከጓዳ አውጡልን።