ባለቤት ሳይሆኑ ባለቤት ተብሎ የመመዝገብ ጥበብ

ሽሮ ሜዳ ለዚህ ትምህርት አስተማሪ አያጣም። ከጉለሌ ሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነጠላ የገዢዋ ትከሻ ላይ እስኪያርፍ በተረካቢና በባለሱቅ እጅ ያልፋል፤ የቴሌግራም ማስታወቂያው ግን «ከሸማኔው በቀጥታ» ይላል። የለጠፈው ሰው መወርወሪያ ጨብጦ አያውቅ ይሆናል። እርስዎም በኢንተርኔት የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጡ ከሆነ በዚሁ መንገድ ይሂዱ፤ ሚናዎን ሲጠየቁ የሚያኮራውን ይምረጡ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደላላን ከነጋዴ ተርታ አሰልፎት የነበረ ቢሆንም፣ እኛ ስሙን ስድብ ካደረግነው ቆይተናል።

ሥራው እንዲህ ነው። አንባቢ የአማርኛ ዜና ገጽ ሲከፍት በገጹ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ ሳይቆይ ለጨረታ ይቀርባል፤ በአስተዋዋቂውና በድረ ገጹ መሃል በርካታ ድርጅቶች ይቆማሉ። የማን ዕቃ በማን ስም እንደሚሸጥ እንዲታወቅ የዘርፉ ደረጃ አውጪ አይኤቢ ቴክ ላብ በ2017 እ.ኤ.አ. አድስ ዶት ቲኤክስቲ፣ በ2019 ደግሞ ሴለርስ ዶት ጄሰን የተባሉ ፋይሎችን አወጣ። በመጀመሪያው ድረ ገጹ ማን እንዲሸጥለት እንደፈቀደ ይናገራል፤ በሁለተኛው የማስታወቂያ ገበያው ለማን እንደሚከፍል ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ላይ ሚናዎች ሦስት ናቸው። የሒሳቡ ባለቤት የድረ ገጹም ባለቤት ከሆነና ገንዘቡ በቀጥታ ለእሱ ከገባ አሳታሚ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አገናኝ ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት ንግድ የሚያካሂድ «ሁለቱም» ይባላል። እርስዎ የሃያ ሰው ገጽ ሰብስበው ቢሸጡም «አሳታሚ» ብለው ይሙሉ። ይህን ማለት ካሳፈረዎት «ሁለቱም» ይበሉ፤ ምንም ሳይናገሩ ሁሉንም መናገር ነው። ስምን መደበቅም ይፈቀዳል፤ ያኔ በዝርዝሩ ላይ የሚቀረው የሒሳብ ቁጥርዎና ሚናዎ ነው።

ዘዴው እንደሚያዋጣ ማስረጃ አለ። ፋይናንሻል ታይምስ በ2017 እ.ኤ.አ. ገበያዎቹን ሲፈትሽ በስሙ የሚሸጥ የሐሰት ቦታ አገኘ፤ ጉዳቱንም በወር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገመተው። ጋዜጣው በእነዚህ ገበያዎች ጨርሶ የማይሸጠው የቪዲዮ ማስታወቂያ ሳይቀር በስሙ ይቸበቸብ ነበር። የብሪታንያ አስተዋዋቂዎች ማኅበር በ2020 ባስጠናው ጥናት ደግሞ አስተዋዋቂው ካወጣው ገንዘብ ለአሳታሚው የደረሰው 51 በመቶ ሲሆን፣ 15 በመቶው የት እንደገባ ሊታወቅ አልቻለም። ያ 15 በመቶ ሁሉ ስርቆት ነው ማለት አይደለም። ግን ገንዘብ አድራሻውን ሊያጣ የሚችልበት መንገድ ባለበት አገር የእርስዎን ድርሻ ማን ይጠይቃል?

አንዳንድ ቅን ሰው «እኔኮ የማደርገው ቸግሮኝ ነው» ይላል። ገጹ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የክፍያ ሒሳቡ ግን አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ክፍያ መቀበል ስላስቸገረ። ችግሩ እውነት ነው። በመለኪያው ግን ዘመድየው የገጹ ባለቤት ስላልሆነ አገናኝ ነው፤ አገናኝ መሆን ደግሞ አያስከለክልም። «አገናኝ ካልኩ ገዢ ይሸሸኛል» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ትላልቅ ገዢዎች በእርግጥም አጭሩን መንገድ ይመርጣሉ። ስለዚህ ሐሰቱ የሚከፍል ይመስላል፤ ገዢው ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ እስኪያያቸው ድረስ። በድረ ገጹ ፋይል ላይ «ቀጥታ» የተባለው ሒሳብ በገበያው ፋይል ላይ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ይዞ ከተገኘ ፕሮግራሙ በራሱ ይለየዋል፤ አሥር ሺህ ገጽ ለመፈተሽም ሻይ እስኪበርድ አይፈጅበትም። እውነቱን አያውቅም፤ አለመግባባቱን ግን ያያል። ስለዚህ ሐሰት የሚናገሩ ከሆነ ሁለቱንም ቦታ እኩል ይዋሹ፤ ይህም የድረ ገጹን ባለቤት ፈቃድ ስለሚፈልግ እሱንም ያስተባብሩ። በ2022 በአድስ ዶት ቲኤክስቲ ላይ የገጹን የማስታወቂያ ሽያጭ በዋናነት ወይም ብቻውን የሚያስተዳድር ወኪል በስሙ የሚጠቀስበት መስመር ተጨምሯል፤ የሐቀኛ መንገድ ስለሆነ ለእርስዎ አይጠቅምም።

ሲነቃብዎት የሚቋረጠው የማስታወቂያው መስመር ነው። እርስዎ ሌላ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ጥቂት ገዢ ብቻ የነበረው የአማርኛ ገጽ ግን እስከዚያው ገቢ አልባ ይሆናል። የገጹ ባለቤት ደውሎ ሲጠይቅዎት «ሲስተሙ ነው» ይበሉት። ከገበያው የሚመጣው የማብራሪያ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን «አልደረሰኝም» ከማለት «አልገባኝም» ማለቱ ይበልጥ ይታመናል።