ከራፕ ለተመረቁት ጋሼ

እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞችዎ ጋር ማኪያቶ ሲጠጡ፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ «እኔ እኮ ራፕ ከተውኩ ቆየሁ፤ በቃ አድጌያለሁ» ሲሉ ተሰምተዋል። ጨዋታው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነበር። ቢሆንም የምሥራች ቦታ አይመርጥም። ሲጋራ ያቆመ ይመሰገናል፣ ጫት ለተወ እናቱ ስለት ታስገባለታለች፤ ራፕ የተወ ምን በወጣው ዝም ይላል?

የዕድገትዎ ምልክቶች ከሩቅ ይታያሉ። ልጅዎ መኪና ውስጥ ስልኩን በብሉቱዝ ሲያገናኝ ግንባርዎ ይቋጠራል፤ ከበሮው ገና ሁለቴ ሳይመታ «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ይላሉ፤ ቀጥሎ ረዥም ትንፋሽ፣ ከትንፋሹ በኋላ «በእኛ ጊዜ…»። ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካል። እርስዎም የዛሬ ትውልድ መስማት እንደማይወድ ለባለቤትዎ ያስረዳሉ።

በእርስዎ ጊዜ ግን እኛም ነበርን። ከመርካቶ ሳልባጅ ተመርጦ የመጣው፣ ሁለት ሰው በምቾት የሚይዘው ባጊ ሱሪ አይረሳም። ግንባር ላይ የተቋጠረው ባንዳና፣ ከቴፕ ወደ ቴፕ ሲገለበጥ ድምፁ የሻከረው፣ በእስክሪብቶ የሚጠነጠነው ካሴት አይረሳም። ደብተሩማ ለብቻው ሙዚየም ይገባዋል፤ ከፊት ባዮሎጂ፣ ከጀርባ የእንግሊዝኛ ራፕ በአማርኛ ፊደል ተጽፎበት፣ ትርጉሙ ለጸሐፊውም ለአንባቢውም ሳይገባ። ቱፓክ ሻኩር ላስ ቬጋስ ላይ በጥይት ተመትቶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1996፣ በ25 ዓመቱ ሲሞት፣ እርስዎ «አልሞተም፣ ኩባ ነው ያለው» እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል። ትዝታ የሚያዳምጠውን የክፍል ጓደኛዎን ያኔ ምን ይሉት እንደነበር ልናነሳ አንፈልግም። ፋራ ነበር የሚሉት።

አሁን ያን ሁሉ «ልጅነት ነበር» ይሉታል። እዚህ ላይ የልደት ቀን ጉዳይ አለች። ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው፤ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴድጊክ ጎዳና ቁጥር 1520፣ በአንድ የኪራይ ሕንፃ የመዝናኛ ክፍል ውስጥ። አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ እንዲሆናት ፓርቲ አዘጋጀች፤ ከጃማይካ የመጣው የ18 ዓመት ወንድሟ፣ ዲጄ ኩል ሄርክ፣ ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ደቅኖ ሰው አብዝቶ የሚጨፍርባትን የከበሮ ቁራጭ እየደጋገመ አራዘማት። ሒሳቡ ሲሠራ ሙዚቃው ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። እርስዎ ገና አርባ አምስተኛዎን እያከበሩ ነው። ታላቅዎን ነው እንግዲህ «የልጅ ነገር» ያሉት። የአገሬ ሰው ለታላቁ ከወንበር ይነሣ ነበር።

ደግሞስ ያደጉት ከየትኛው ራፕ ነው? የሚያውቁት የመጨረሻው ራፐር ፊፍቲ ሰንት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሰሙት የመጨረሻው ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የክለቡ ዘፈን ነው። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ዕቁብ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ የኮንዶሚኒየም ክፍያ መጣ፤ ማዳመጥ ቆመ። ነውር የለውም። ሰው ጊዜ ያጣል፣ ጆሮው ይደክማል፤ ጣዕምም በእርግጥ ይቀየራል፣ በርበሬ ሲያስለቅሰው የነበረ ሕፃን አድጎ ሚጥሚጣ አምጡ እንደሚለው ሁሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ከአሥር እስከ ሠላሳ ባለው ዕድሜያችን ያገኘነው ነገር ከሌላው ዘመናችን ይበልጥ ትውስታችን ላይ ተጣብቆ እንደሚቀር ደጋግመው አሳይተዋል። «በእኛ ጊዜ» ሙዚቃው የጣፈጠው ጸጉር ስለነበረዎትና ፍቅር ስለያዘዎት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእርስዎ ተአምር ግን ሌላ ነው፤ ያልቀመሱትን ጠገቡ። ኬንድሪክ ላማር እ.ኤ.አ. በ2018 ለአልበሙ የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ሲቀበል፣ ሽልማቱ እስከዚያ ድረስ ከክላሲካልና ከጃዝ ሰፈር ወጥቶ አያውቅም ነበር። እርስዎ በዚያ ሰሞን «ራፕ እኮ ሞቷል» ብለው፣ ለቀስተኛም ሳይጠሩ፣ ቀብረውት ተመልሰው ነበር።

የአገር ቤቶቹንም አልማሯቸውም። ቴዲ ዮም ሆነ ልጅ ሚካኤል ሲነሣ ፊትዎ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ሲሆን «ምን እንደሚል አይገባም»፤ በአማርኛ ሲሆን «ባህላችንን አበላሹት»። በምን ቋንቋ ይሁንልዎ? በግዕዝ?

ለነገሩ አሁን ኢትዮ ጃዝ ላይ ነዎት። ሳሎንዎ ውስጥ በመስታወት የተገጠመ ሸክላ ተሰቅሏል፤ ማጫወቻ የለዎትም። ጃዝ ቤት ሲገቡ ዓይንዎን ጨፍነው ጭንቅላትዎን በዝግታ ይነቀንቃሉ፤ ንቅናቄው ከምቱ ጋር ባይገጥምም ከውስኪው ጋር ይገጥማል። የሙላቱ አስታጥቄን ስም ሲጠሩ ድምፅዎ ይወፍራል። ይሁን፤ ሙላቱ ይገባዋል። የመጡበትን መንገድ ብቻ እናስታውስዎ። ሙዚቃው በትኩሱ ሲሠራ አልተወለዱም። አባትዎ ቤት ውስጥ ሲከፍቱት ጆሮዎን ይይዙ ነበር። ኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ያንን ዘመን «ኢትዮፒክ» በሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ለዓለም አቀረበው፤ ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፊልም ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ አስገባ፤ ፈረንጅ ሲያጨበጭብ የእርስዎም ነፍስ በድንገት ጎለመሰች። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ራፐሩ ናስ ከዴሚያን ማርሊ ጋር አልበም ሲያወጣ የመክፈቻውን ዘፈን የሠሩት በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። አዎ፣ ያው ናስ፤ ግጥሙ ከባዮሎጂው ጀርባ የሰፈረው። እርስዎ ራፕን ጥለው ወደ ሙላቱ ሲገሰግሱ፣ ራፐሩ ራፑን ሳይጥል ቀድሞ ደርሶ ወንበር ይዞልዎታል።

ያ የሚሳለሙት ዘመንስ የሽማግሌ ዘመን ነበር? ሸክላ ማሳተም በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አዋጁን ወደ ጎን ብሎ አምሃ ሬከርድስን የከፈተው አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያሳተመው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነው፤ አለማየሁ ደግሞ የኤልቪስ ፕሪስሊን የጸጉር አበጣጠርና የጄምስ ብራውንን ጩኸት ይዞ መድረክ የሚያናውጥ ጎረምሳ ነበር። አፍሮ፣ ቤል ቦተም፣ ኤሌክትሪክ ጊታር። እስቲ በበገናና በመሰንቆ ያረጀውን የአያትዎን ጆሮ ያስቡት። «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እርስዎ አልፈለሰፉትም፤ ወርሰውት ነው። ካርታ የማይጠየቅበት፣ ግብር የማይከፈልበት ብቸኛው ርስትዎ እሱ ነው።

ትልቁ ክስዎ ግን ሌላ ነው። «ራፕ ማለት ጉራ ነው፤ መኪናዬ፣ ብሬ፣ እኔ፣ እኔ፣ እኔ። ለጨዋ ጆሮ አይመጥንም።» እውነትዎን ነው። ባለፈው ጥር በአጎትዎ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከሁለተኛው ብርሌ ጠጅ በኋላ፣ የሰው ከዘራ ነጥቀው «ዘራፍ!» እያሉ ዳሱን ሲያንቀጠቅጡ የነበሩት ታዲያ ማን ናቸው? ገዳይ ነኝ አሉ። በሕይወትዎ የገደሉት ዶሮ ነው፤ እሱንም ጎረቤት ጠርተው። አባትዎን ጠሩ፣ አያትዎን ጠሩ፣ አገር ምድሩን ጠሩ፤ ጠላትዎን ከዳሱ ጥግ እስከ ጥግ አሯሯጡት፤ ጠላትዎ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው። ፉከራና ቀረርቶ ቅርስ ናቸዋ! ጉራ የሚሆነው ብሮንክስ ሲደርስ ብቻ ነው።

አዝማሪ ቤት የገቡ ዕለትም አይተንዎታል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ወደ ጠረጴዛዎ ጠጋ ሲል «ተቀበል!» ብለው ስንኝ አቀበሉት። እሱም መኪናዎን አነሣ፣ ደረትዎን አነሣ፣ ደግነትዎን አነሣ፣ ሸንቃጣ ነዎት አለ። ለዚህ ለመጨረሻው መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ከዚያ ዞሮ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው በሰምና ወርቅ ልብሱን አስወለቀው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ የተሰደበውም ሳቀ። ሳይጽፍ፣ ሳያጠና፣ ቆሞ፣ ከሰው አፍ እየተቀበለ ቤት የሚመታ ሰው ብርቅ ነው፤ አድናቆትዎ ልክ ነው። ብሩክሊን ያለ ልጅ መንገድ ማዕዘን ላይ ቆሞ ይህንኑ ሲያደርግ ግን ሥራ ፈት ነው ይሉታል። ልዩነቱ ለእኛም ይታየናል፤ ያ ልጅ የእርስዎን መኪና አያሞግስም።

ስድቡስ? ይሄ እንኳ ሽሙጥ አያስፈልገውም። ብዙ ራፕ ሴትን ያዋርዳል፣ ጥይትን ያሽሞነሙናል፤ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች ራሳቸው፣ ራፐሮቹን ጨምሮ፣ ሲሞግቱት ኖረዋል። ነገር ግን ስድቡ ያኔም ነበር። በአማርኛ ፊደል የገለበጡትን ግጥም ተርጉሞ ለእናትዎ ያነበበላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ የዚያን ዕለት ማታ ውጭ ባደሩ ነበር። ያኔ ያልከበደዎ ስላልገባዎ ነው። ዛሬ የከበደዎ ለልጅዎ ስለገባው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት ራፐሮቹ ናቸው፤ ማደግ አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሱፐር ቦውል ጨዋታ እረፍት ላይ ዶክተር ድሬ በ56 ዓመቱ፣ ስኑፕ ዶግ በ50 ዓመቱ መድረክ ወጡ፤ የእርስዎ ፊፍቲ ሰንት ደግሞ በ46 ዓመቱ፣ ልክ እንደ ጥንቱ ቪዲዮው፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተከሰተ። በዚያ ዕድሜ ሰው የዕድር ሊቀመንበር ይሆናል እንጂ ይዘቀዘቃል? ናስ የመጀመሪያውን ግራሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያገኝ 47 ዓመቱ ነበር። ጄይ ዚ በዚያው ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አልበም፣ ሚስቱን መበደሉን ዓለም እየሰማው ተናዘዘ። ለነፍስ አባት እንኳ በሹክሹክታ የሚነገረውን! የበሰለ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የበሰለ ሰው ይሸፋፍናል።

ከመካከላቸው አንድ ብቻ እንደ ወጉ ተወው፤ የአውትካስቱ አንድሬ 3000። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ48 ዓመቱ፣ አንድም የራፕ ስንኝ የሌለበት፣ ዋሽንትና ሌሎች የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚነፉበት አልበም አወጣ። ለምን ሲሉት፣ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ምን ራፕ ላድርግ፣ ስለ ዓይኔ መድከምና ስለ ሐኪም ቤት ምርመራ? የሚል መልስ ሰጠ። የመጀመሪያው ሙዚቃ ርእስ ራሱ መሐላ ነው፤ በእውነት ራፕ መሥራት ፈልጎ ነበር፣ ነፋሱ ወደዚህ ወሰደው። ምነው ምክር ቢጠይቅዎ ኖሮ! ያን የመሰለ ምቹ መድረክ አግኝቶ «የዛሬ ልጆች» ሳይል፣ አንድም ትውልድ ሳይገስጽ፣ ጣጣውን ሁሉ በራሱ ዕድሜ ላይ አሳብቦ ዋሽንቱን ነፍቶ ወረደ።

ባሕር ማዶ ያሉት አቻዎችዎ ይሻላሉ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት፣ ልጃቸው ከኋላ ወንበር ትራፕ ስታስጮህ «ይህን የአሜሪካ ጫጫታ ዝጊው» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊከንድ፣ የሱፐር ቦውልን መድረክ ብቻውን ሲይዘው «የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» ሲሉ አመሹ፤ ቪዲዮውን ለአክስት፣ ለአጎት፣ ለማኅበሩ ሁሉ ላኩት። የኛ ልጅ ስለ ምን እንደሚዘፍን የጠየቀ አልነበረም። ልጅቷ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ቡና አቅርቢ ተባለች።

እርስዎም የራስዎን ልጅ አይገላምጡት። እሱም ያድጋል። አርባዎቹ ውስጥ ሲገባ ዛሬ ያበደለትን ሁሉ ይተወዋል፤ እንግዳ በተሰበሰበበት «ሙዚቃ እኮ ድሮ ቀረ» ይላል፤ ድሮ ሲል እርስዎ የተመረቁበትን ማለቱ ነው። ውድ ማጫወቻ ገዝቶ፣ መብራት ቀንሶ፣ እርስዎን ከፊቱ አስቀምጦ ኒውዮርክ ከሎስ አንጀለስ በምን እንደሚለይ፣ የትኛው ከበሮ ከየትኛው የድሮ ሸክላ እንደተቆረጠ፣ ያልበሰለ ጆሮ ለምን እንደማይገባው ቀስ ብሎ ያስረዳዎታል። ጥያቄ ካለዎት መጨረሻ ላይ ያስተናግዳል።