በዘይት ዋጋና በጥብስ ድንች ውፍረት መካከል ስላለው ዝምድና

ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ሀገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። እንዴት እንደሚቆረጥ ግን መመሪያ አልተወም። ጉዳዩ በጠባሾቻችን እጅ ወደቀ፤ ይህ ጥናትም ውሳኔያቸውን ከመመርመር አልፎ አይሄድም።

የአዲስ አበባ ጥብስ ድንች ዘንጋዊና ቅጠላዊ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሕዝቡ ሁለቱንም ቺፕስ እያለ መግባባቱ ለሳይንስ ያለውን ግዴለሽነት ያሳያል።

ዋናው ግኝት የዘንጋዊው ነው፦ ዘይት ሲወደድ ዘንጉ ይወፍራል። ዘይት ድንቹን የሚይዘው በገጹ በኩል ነው፤ ቁራጩ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ገጹ ከክብደቱ አንጻር ያንሳል፣ የሚጠጣው ዘይትም እንዲሁ። ጠባሿ ይህን ቀመር ማንም አላስተማራትም። ድንቹን መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ ያለ መክተፊያ፣ ከደንበኛ ጋር እያወራች ታሰላዋለች። የኑሮ ውድነትን ለማወቅ ወርሃዊ መግለጫ የሚጠብቅ ሰው ማስመሪያ ይዞ ሰፈሩ ጥግ ድረስ ቢወጣ ቀድሞ ይደርስበታል።

ቅጠላዊው ለዚህ ሕግ አይገዛም። ስስ በመሆኑ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው። ቢወፍር ደግሞ ቅጠላዊነቱ ይቀራል፤ ስለዚህ የዋጋ ንረቱን የሚሸከመው የሚሸጥበት ላስቲክ ነው፦ ድንቹ ይቀንሳል፣ አየሩ ይጨምራል፣ ቋጠሮው ግን እንደ ድሮው ጠብቆ ይታሰራል። አየር በነፃ የሚሰጥ ብቸኛው የምግብ ግብዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

ቤልጂጎች ዘንጉን ሁለት ጊዜ ይጠብሳሉ፤ መጀመሪያ በመለስተኛ ሙቀት ውስጡ እንዲበስል፣ ቀጥሎ በ180 ዲግሪ ገደማ ውጩ እንዲደርቅ። የኛም ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፤ አንዴ እኩለ ቀን ላይ፣ አንዴ ደንበኛው ሲመጣ። ውጤቱ መለያየቱ ገና ያልተብራራ ክስተት ነው።

እርጥብ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ዳቦ ተሰንጥቆ ዘንጋዊው ይጠቀጠቅበታል፤ ካቻፕና ሚጥሚጣ ይከተላሉ። በዳቦ ድንች መብላት ምን ይባላል የሚሉ ተቺዎች አሉ። ንድፈ ሐሳቡ አልገባቸውም፦ ከድንቹ ያመለጠውን ዘይት ዳቦው ይይዘዋል፣ ከዳቦው ያመለጠውን ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ያመለጠውን ሱሪ። ጠብታ አይባክንም።

የሚቀረው ሦስተኛው ወገን፣ ብናኛዊው ነው። መገኛው የላስቲኩ ጥግ ሲሆን ከሚጥሚጣው ጋር በእኩል መጠን ተቀላቅሎ ይኖራል። ናሙና የሚወሰደው ቀና ብሎ ላስቲኩን አፍ ላይ በመገልበጥ ነው። ቅርጹን እስካሁን በትክክል የመዘገበ የለም፤ ተመራማሪው በዚህ ደረጃ ላይ ሳል ይይዘዋል።