የፊልም ዋስ

ለሰው ዋስ የሆነ፣ ተበዳሪው ሲጠፋ ከኪሱ ይከፍላል። «ይህን ፊልም እየው» ማለትም ያው ዋስነት ነው። ፊልሙን ያልወደደ ሰው የባከነ ጊዜውን ከአንተ ነው የሚጠይቀው፤ ያውም በተገናኛችሁ ቁጥር፣ ሰው ፊት፣ እየቆራረጠ። እኔ እስከ ዛሬ ከፍዬ ያልጨረስኩት የ«ጤዛ»ን ዕዳ ነው።

«ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ፣ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል፣ ትልቁን የወርቅ ፈረስ ይዞ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ጋ ወሬዬን የምጀምረው ከዚህ ነበር። ጥፋቴም ይኸው ነው።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ተሸልሟል?» አለኝ፣ የላቦራቶሪ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«አዎ፣ ቬኒስ።»

«ያስቃል?»

«ብዙም አያስቅም።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«140 ደቂቃ።»

«ወንድሜ፣ ይኼማ ሱባኤ ነው» ብሎ ወደ ማኪያቶው ዞረ። ኃይሌ ከአሥር ዓመት በላይ የለፋበትን ሥራ፣ እሱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነፈገው። ጎረቤታችን ጋሼ ግን ባሱ። «ስለ ደርግ ነው?» አሉኝ። ስለ ደርግም አለበት አልኳቸው። «እሱን ትኬት ሳልቆርጥ አይቼዋለሁ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እሑድ አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን ተምሬያለሁ፤ ቬኒስን አላነሳሁም። «ከጀርመን አገር የተመለሰ ልጅ ታሪክ ነው» ብዬ ፈንዲሻውን አቀረብኩና ከፈትኩት።

አንበርብር ሐኪም ነው። አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ እናቱ ጋ ይመለሳል።

«ለእናቱ ምን ይዞላት መጣ?» አለች አክስቴ።

«ምንም።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ጀርመን ተቀምጦ? ሹራብ እንኳ?»

እግሩ ምን እንደሆነም ጠየቀችኝ። ቆይ ይመጣል ስላት «አንተ ደግሞ ምሥጢር ጠባቂ!» ብላ ተቆጣች። እዚህም አልናገርም።

የፈራሁት ሌላ ነበር። ፊልሙ በቀጥታ አይሄድም። እናቱ ፀበል ትወስደዋለች፤ ውሃው ሲወርድበት ትዝታው ይፈታና ኮሎኝ ውስጥ ስለ አብዮት የሚከራከሩ ተማሪዎች መሐል እንገባለን፤ ከዚያ የደርግ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ተመልሶ መንደሩ። እኔ ራሴ መስመር ያስያዝኩት በሁለተኛው ዕይታዬ ነው። አክስቴን «ግራ ገባሽ?» አልኳት።

«ምን ግራ ያጋባል? የተጨነቀ ሰው እንዲህ ነው። አያትህ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነበር የሚያወሩት፤ ካንዱ ወዳንዱ።»

ስለዚህ ፊልም ካነበብኩት ሁሉ እሷ ያለችው በለጠብኝ።

ወታደሮች ለጦርነት የሚያፍሷቸውን ልጆች ፍለጋ መንደሩ ውስጥ ሲገቡ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ እጇን ስትዘረጋ አየኋት፤ የጨበጠችው ፈንዲሻ መዳፏ ላይ ዱቄት ሆኗል። ወደ ነጠላዋ ጫፍ አራገፈችውና «ቀጥል፣ ምን ታየኛለህ?» አለችኝ።

ሲያልቅ ስለ ፊልሙ ምንም አላለችም። ጫማዋን እያደረገች ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራችኝ። ይኼም ዕዳ ላይ ተደመረ ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ማታ በሬ ተንኳኳ። ሦስት የአክስቴ ዕድርተኞች ናቸው፤ አንዷ በርጩማ ይዘው መጥተዋል።

«ያቺን እናት ልናያት ነው» አሉኝ። «ልጇ እግሩን አጥቶ የመጣባትን፤ ሹራብ እንኳ ያልያዘላትን። አክስትህ እኮ እስካሁን ስለሷ እያወራች ነው።»

አስገባኋቸው። ከፍቼ ልቀመጥ ስል ባለ በርጩማዋ በጥርጣሬ ዞር አሉ።

«እኔ ምልህ፣ የተሸለመ ምናምን አይደለም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኳቸው።