ኮምፒውተር ከዳንቴል ሥር

የጌዴኦ ቡና በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ያምርበታል። ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዲላ ያሉ አንዳንድ ቤቶች ታዲያ ጥበቡን ሳሎን ድረስ አስገቡት፤ ለኮምፒውተሩም ዳንቴል አልብሰው ጥላ ሠሩለት። እየሠራ ሳለ እንኳ አይገልጡትም! ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ሲታፈን ማሽኑ ራሱን ለማብረድ ሥራውን ያዘገያል፤ ሲብስበትም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያኔ መብራት ኃይል ይታማል። ከዚህኛው እንኳ ንጹሕ ነው።

ማሽኑ ሲዘግምስ? ሪፍሬሽ ይጫናል፤ አሁንም፣ አሁንም። ሪፍሬሽ በስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ምልክቶች እንደገና ያሳያል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ጣት ግን ያፍታታል።

የፍላሹ ነገር ይብሳል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል፤ ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁታል። “በቃ ጠፋ!” ይልና ፍላሹን ፎርማት ያስደርጋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም በገዛ እጁ ይቀብራል። እንዲህ ያለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ሾርትከቱን ሳይከፍቱ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ከዚያም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ በአመዛኙ ይበቃል። ቫይረሱ የሚነሳው ያንን ሾርትከት ሲጫኑት ነውና!

ተመራቂ ሆይ፣ ጽሑፍህን ዛሬውኑ ለራስህ በኢሜይል ላክ፤ ዳታው ካነሰህ ከቲክቶክ ላይ ቀንስ።